ፓኔሉ ተገዝቶ ያላለቀ ሥራ፦ የአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የሶላር ኃይል ወጪ

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ሸዋ ደጋማ ክፍል የሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በፀሐይ ኃይል እንዲሠራ የተደረገውን ጥረት ከወጪ አንጻር የሚመለከት የጉዳይ ጥናት ነው። የጤና ጣቢያው፣ የሥራውን በጀት የያዘው ኮሚቴ አባላትና የአቅራቢዎቹ ስም ሆን ተብሎ ቀርቷል። ጉዳዩን እንድመዘግበው ያነሣሣኝ ተመሳሳይ ነገር በትምህርት ቤቶች፣ በአብያተ ክርስቲያናትና በመስኖ እርሻዎች ላይ ሲደጋገም ማየቴ ነው፤ ገንዘብ ይዋጣል፣ ፓኔል ይገዛል፣ ከዚያም ፓኔሉ እንደታሸገ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። የእኔ ድርሻ ፓኔሎቹ ከተገዙ በኋላ ለቀሪው ዕቃ የቀረቡትን ፕሮፎርማዎች መመርመርና እስከ ርክክብ ድረስ ሥራውን በቴክኒክ በኩል መከታተል ነበር።

የጤና ጣቢያው ሁኔታ

ጤና ጣቢያው ከባሕር ጠለል በላይ 2,900 ሜትር አካባቢ ላይ የሚገኝ ሲሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ቀበሌው ድረስ አልዘለቀም። ያለው የኃይል ምንጭ አንድ አሮጌ የናፍጣ ጀነሬተር ሲሆን፣ ናፍጣ ሲገኝ ለጥቂት ሰዓታት ይሠራል፤ ሳይገኝ ሲቀር ማዋለጃ ክፍሉ በእጅ ባትሪና በስልክ መብራት ይገለገላል። የክትባት ማቀዝቀዣው ግን በዚህ ችግር ውስጥ አልነበረም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት መጠበቅ ስላለበት፣ ማቀዝቀዣው የራሱ ፓኔል ያለውና ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ እያከማቸ ያለ ባትሪ የሚሠራ ዓይነት ነው። ከኮሚቴው አባላት መካከል እርሱንም ወደ አዲሱ ሥርዓት ለማጠቃለል የፈለጉ ነበሩ፤ ባትሪ ስለሌለው ብቻ ዓመታት ያለ እንከን የሠራን ዕቃ ባትሪ ላይ ማንጠልጠል ትርጉም ስለሌለው ሐሳቡ ወዲያው ተተወ።

ገንዘቡን ያዋጡት በአዲስ አበባ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች ናቸው። በመዋጮው መጀመሪያ የተገዙት እያንዳንዳቸው 550 ዋት የሆኑ ስምንት ፓኔሎች ሲሆኑ ጠቅላላ አቅማቸው 4.4 ኪሎ ዋት ነው።

ችግሩ

ኮሚቴው በጀቱን የያዘው ፓኔሉ ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሦስተኛውን ይወስዳል፣ ለ«ባትሪና ገመድ» ደግሞ አንድ ሦስተኛው ይበቃል በሚል ግምት ነበር። ይህ ግምት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ፓኔል በእርግጥም ውዱ ዕቃ ነበር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን የፓኔል ዋጋ በዓለም ገበያ ዘጠና በመቶ ገደማ ሲወርድ ብረት፣ መዳብ፣ ሲሚንቶ፣ የጭነት መኪናና የባለሙያ ጉልበት አብረውት አልወረዱም። ባትሪም ቢሆን ዋጋው ቀንሷል፤ ሆኖም ከመስመር ውጪ በሚተከል ሥርዓት ውስጥ አሁንም ትልቁን ድርሻ ይዟል።

አሜሪካ የሚኖሩት አዋጪዎች የቤታቸውን ጣሪያ ምሳሌ አድርገው ያቀርቡ ነበር። እዚያ የብዙው ሰው ፓኔል ከከተማው መስመር ጋር ስለሚገናኝ ቀን የተረፈው ኃይል ወደ መስመሩ ይገባል፣ ማታ ከመስመሩ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ባትሪ ላይኖር ይችላል። እዚያም ቢሆን ለመኖሪያ ቤት ሶላር ከሚከፈለው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለጉልበት፣ ለፈቃድ፣ ለሽያጭና ለአስተዳደር የሚውል እንጂ ለመሣሪያ የሚውል አይደለም።

ለቀሪው ዕቃና ሥራ ሦስት ፕሮፎርማዎች ተሰበሰቡ። በዋጋ ዝቅተኛ የሆነው አራት ጄል ባትሪ (የሊድ ባትሪ ዓይነት ነው)፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን፣ ፒደብሊውኤም የሚባለውን ርካሽ ቻርጅ ኮንትሮለርና የባትሪውን ኃይል ለተለመዱ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች እንዲሆን የሚለውጥ አንድ ኢንቨርተር ብቻ የያዘ ነበር። የብረት መቆሚያው «በደንበኛው ይሠራል» ከሚል ሐረግ በቀር አልተብራራም፤ ስለ ብሬከር፣ ስለ ምድር ገመድ (ኧርዝ)፣ ስለ መብረቅ መከላከያና ስለ ማጓጓዣ አንድም ቃል የለበትም። ርካሽ ያደረገው በአብዛኛው ያልተጻፈው ነገር ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህ በላይ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ብር የሚጠይቅ በመሆኑ፣ አቅራቢዎች ዋጋቸው የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ብቻ መሆኑን መጻፍ ለምደዋል። ስለዚህ ፓኔሉን ቀድሞ ገዝቶ ሌላውን «ቀስ ብሎ» የማሟላት ሐሳብ ራሱ ወጪ ሆኖ መጣ።

ጭነቱን መቁጠር

የመጀመሪያው እርምጃ የትኛውም ፕሮፎርማ ላይ ሳይወሰን ጤና ጣቢያው በቀን ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ መቁጠር ነበር። ሠራተኞቹ ያቀረቡት ዝርዝር ሲደመር በቀን 14 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሆነ። ከዚህ ውስጥ 3.6 ያህሉ የሕክምና መሣሪያ ማምከኛ፣ 3.5 ያህሉ በሠራተኞች መኖሪያ የሚታሰብ የእንጀራ ምጣድ፣ 1.5 ያህሉ ደግሞ የሻይ ምድጃ ነው። ሙቀት የሚያወጣ ማንኛውም ዕቃ ኃይል ይበላል፤ ምጣዱ ብቻውን በአንድ ሰዓት ጋገራ የሚወስደው ኃይል የጤና ጣቢያው መብራት ሁሉ በሁለት ምሽት ከሚወስደው ይበልጣል። ለምጣድ ተብሎ የሚገዛ ባትሪና ኢንቨርተር ደግሞ ከምጣዱ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ይህን ለሠራተኞቹ ማስረዳት ከቴክኒኩ ሥራ ሁሉ አስቸጋሪው ነበር፣ ምክንያቱም ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ርቆ የሚሠራ ነርስ እንጀራ መጋገር አለበት።

በመጨረሻ ሙቀት አውጪዎቹ ከዝርዝሩ ወጥተው ማምከኛው በጀነሬተሩ በተወሰኑ ቀናት እንዲሠራ ስምምነት ተደረሰ። የቀረው 350 ዋት የሚፈልግ የኦክስጅን ማመንጫ፣ 24 የኤልኢዲ አምፖሎች፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ የላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕና ሴንትሪፊዩጅ፣ የምርመራ መብራት፣ ስልክና ሬዲዮ ሆኖ በቀን 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው። በዚህ ላይ ማንም በዝርዝር ውስጥ ያላስገባው አንድ ተጠቃሚ ተጨመረ፤ እርሱም ኢንቨርተሩ ራሱ ነው። ምንም ዕቃ ሳይሰካበት 50 ዋት የሚወስድ ኢንቨርተር ሌት ተቀን ሲበራ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ድምሩ 6.6 ሆነ።

ፓኔሎቹ በክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ ደመና፣ ሙሉ ፀሐይ የሚቆጠረው 4 ሰዓት ያህል ነው ብለን፣ ብክነቱንም ሠላሳ በመቶ አድርገን ስናሰላ በቀን 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። ማለትም የተገዙት ፓኔሎች ከሚያስፈልገው በላይ ናቸው። ይህ በኮሚቴው ዘንድ ብክነት መስሎ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ሳይታሰብ የተገኘ ጥሩ ነገር ነው። ፓኔል በረከሰበት በዚህ ዘመን የደመናን ቀን ለመሻገር ርካሹ መንገድ ፓኔል ማብዛት እንጂ ባትሪ ማብዛት አይደለም፤ በደመና ውስጥም ቢሆን ሰፊ ፓኔል ከጠባቡ ይልቅ ብዙ ኃይል ወደ ባትሪው ያስገባል።

ባትሪው

በርካሹ ፕሮፎርማ ላይ የነበሩት አራት ጄል ባትሪዎች እያንዳንዳቸው 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ናቸው። በወረቀት 9.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናሉ፤ ነገር ግን የሊድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በታች ማውረድ ስለማይመከር ጥቅም ላይ የሚውለው 4.8 ነው። የጤና ጣቢያው የሌሊት ፍጆታ ብቻ 3.4 ያህል ስለሆነ ይህ አንድ ሌሊት ያሻግርና በማግሥቱ ከደመነ ይቸገራል። አማራጩ እያንዳንዳቸው 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆኑ ሁለት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪዎች ነበሩ፤ ሰማንያ በመቶ ድረስ ቢጠቀሙባቸው 8.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ። ይህንኑ መጠን በጄል ለማግኘት፣ በ48 ቮልት አራት አራት ሆነው ስለሚያያዙ፣ ስምንት ባትሪ ያስፈልጋል። የስምንቱ ዋጋ ከሊቲየሙ በጥቂት ቢያንስም እያንዳንዱ ወደ 60 ኪሎ የሚመዝን በመሆኑ የማጓጓዣው ልዩነት ብቻ ቁጠባውን ይሸረሽረዋል፤ በየቀኑ ግማሽ ድረስ የሚወርድ ጄል ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይተካል።

በሊቲየሙ በኩል ያለው ጥንቃቄ ቅዝቃዜ ነው። ይህ ዓይነት ባትሪ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ ኃይል መሙላት ይጎዳዋል። ውርጭ በሚጥልበት ደጋ የቆርቆሮ ጎጆ ሠርቶ ባትሪውን ከፓኔሉ አጠገብ ማስቀመጥ፣ በቆላ ቢሆን በሙቀት ምክንያት የማይመከረውን ያህል፣ እዚህም አልተመከረም። ባትሪዎቹ በሕንፃው ውስጥ ባለ ደረቅ ክፍል እንዲቀመጡ ተደረገ፤ ይህ ውሳኔ ግን ገመዱን አስረዘመው።

ኮንትሮለር፣ ኢንቨርተርና ገመድ

ፓኔሎቹ የጤና ጣቢያው ጣሪያ ላይ እንዲወጡ ታስቦ ነበር። ጣሪያው በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተመታ አሮጌ ቆርቆሮ ነው። ስምንቱ ፓኔሎች 220 ኪሎ ገደማ ቢመዝኑም የሚያሳስበው ክብደቱ ብቻ አልነበረም፤ 20 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ነፋስ ከሥሩ ሲገባ ወደ ላይ የሚነቅለው ኃይል በምስማር የተያዘን ቆርቆሮ ይዞት ሊሄድ ይችላል። በግቢው የባሕር ዛፍ ጥላ የማያገኘው ቦታ ደግሞ ከባትሪው ክፍል 45 ሜትር ይርቃል። ይህ 45 ሜትር የገመዱን ሒሳብ ሁሉ ወሰነው።

በርካሹ ፕሮፎርማ ፓኔሎቹ ሁለት ሁለት ሆነው በተከታታይ፣ አራቱ ጥንዶች ደግሞ ጎን ለጎን ተያይዘው በፒደብሊውኤም ኮንትሮለር ወደ 48 ቮልት ባትሪ እንዲገቡ ነበር የታሰበው። በዚህ አያያዝ ገመዱ ላይ የሚሄደው 52 አምፔር ነው። በ45 ሜትር ርቀት የቮልት ብክነቱን ሦስት በመቶ ላይ ለማቆም 50 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ገመድ ለሁለቱም አቅጣጫ ያስፈልጋል። የዚህ ገመድ ዋጋ ርካሹን ኮንትሮለር ከመግዛት የተገኘውን ቁጠባ ጠቅልሎ ይበላዋል። ፒደብሊውኤም ኮንትሮለር በተጨማሪ የፓኔሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ስለሚያወርደው የእያንዳንዱ ጥንድ 83 ቮልት ወደ 54 ገደማ ይወርዳል፤ ይኸውም ከተገዛው ፓኔል አንድ ሦስተኛውን እንዳልተገዛ ማድረግ ነው።

የተመረጠው ኤምፒፒቲ የሚባለው፣ የፓኔሉን ከፍተኛ ቮልት ሳያባክን ለባትሪው በሚስማማ መልክ የሚለውጥ ኮንትሮለር በውስጡ ያለው 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ሲሆን እስከ 500 ቮልት የፓኔል ቮልት ይቀበላል። ስምንቱም ፓኔሎች በአንድ መስመር በተከታታይ ሲያያዙ 334 ቮልት ገደማ በ13 አምፔር ይሰጣሉ። በዚህ አያያዝ 6 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ በቂ ሆነ፤ የሚባክነው 3.4 ቮልት፣ ማለትም አንድ በመቶ ብቻ ነው። በኮንትሮለሩ ላይ የተጨመረው ገንዘብ በገመዱ ላይ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ደጋው ሁለት ነገር ይጠይቃል። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። የፓኔል ቮልት ቅዝቃዜ ሲጨምር ይጨምራል። ያለ ጭነት እያንዳንዱ ፓኔል በ25 ዲግሪ ወደ 50 ቮልት ስለሚሰጥ ስምንቱ 400 ይሆናሉ፤ ዜሮ ዲግሪ በሆነ የኅዳር ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ወደ 427 ይደርሳሉ። ለ500 ቮልት መሣሪያ ይህ ችግር አይደለም። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውን 150 ቮልት ተቀባይ ኮንትሮለር ገዝቶ ሦስት ፓኔል በተከታታይ የሚያያይዝ ሰው ግን በአዳማ ሊያልፍለት የሚችለው ነገር ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ ማለዳ መሣሪያውን ሊያቃጥለው ይችላል። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ስስ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ብዙ አምራቾች ከ1,000 ወይም ከ2,000 ሜትር በላይ የኢንቨርተር አቅም እንደሚቀንስ በመመሪያቸው ያሰፍራሉ፤ ስለዚህ 5 ኪሎ ዋቱ እንደ 4 ተቆጥሮ ነው የታቀደው። ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ሞገድ (እንደ ዋናው መስመር ያለ ለስላሳ ኃይል) የሚያወጣ እንዲሆንም የኦክስጅን ማመንጫው ሞተር አስገድዷል።

ከፍተኛ ቮልት ገመዱን ቢያረክስም አደጋውን ይጨምራል። በፓኔሉ በኩል ያለው ኃይል ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነው፤ ብልጭታው እንደ ኤሲ (አቅጣጫው እንደሚቀያየረው የቤት መብራት ኃይል) በየቅጽበቱ ዜሮ ስለማይነካ ብሬከሩ ሲከፈት በቀላሉ አይጠፋም። ለቤት መብራት የተሠራ የኤሲ ብሬከር በዚህ መስመር ላይ ቢገጠም ሊቀልጥና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። መደብሮች ሁለቱን ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ መልካቸውም ይመሳሰላል፤ የዋጋ ልዩነቱ ግን ገዢውን ወደ ኤሲው ይገፋዋል።

ብረቱ፣ ሲሚንቶውና መሬቱ

መቆሚያው በወረዳው ከተማ ባለ ብረት ቤት ከቱቦላሬና ከአንግል ብረት ተበየደ፤ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ 15 ዲግሪ እንዲያጋድል የተደረገው አቧራው በዝናብ እንዲታጠብም ጭምር ነው። የእግሮቹ ጉድጓድ፣ ፌሮው፣ ሲሚንቶው፣ አሸዋው፣ ጸረ ዝገት ቀለሙና ከብት የማያስገባው የሽቦ አጥር ሲደመሩ ኮሚቴው «ጥቃቅን ወጪ» ብሎ ከያዘው ገንዘብ በብዙ በለጡ።

የምድር ገመዱ ሌላ ችግር ገጠመው። መሬቱ ጥቂት እንደተቆፈረ ዐለት ነው፤ ገመዱ የሚታሰርበት፣ ወደ መሬት የሚመታው የብረት ዘንግ አልገባም። ጨውና ከሰል ጨምሮ ማዳበር የተለመደ ምክር ነው፤ ጨው ግን መዳቡን ይበላል፣ በዝናብም ይታጠባል። በመጨረሻ ረዥም ቦይ ተቆፍሮ ጠፍጣፋ የመዳብ ዘንግ በአግድም ተቀበረ። በፓኔሉም በኢንቨርተሩም ጫፍ የመብረቅ ድንገተኛ ቮልት መከላከያ ተገጠመ። መከላከያው ያለ ጥሩ ምድር ገመድ ጌጥ ስለሆነ ሁለቱ እንደ አንድ ወጪ መታየት አለባቸው።

ማጓጓዣው ከአዲስ አበባ እስከ ወረዳው ከተማ ቀላል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የመኪና ኪራዩና የጫኝና አውራጅ ክፍያው በኪሎ ሜትር ሲታሰብ የመጀመሪያውን መንገድ እጅግ ይበልጣል።

የወጪው ድርሻ

ዋጋው በየወሩ ስለሚቀያየር በብር መጻፉ ለአንባቢ አይጠቅምም፤ ከወጣው ከእያንዳንዱ 100 ብር ምን ያህሉ የት እንደዋለ መናገር ይሻላል። ባትሪው 38፣ ፓኔሎቹ 17፣ ኮንትሮለሩን የያዘው ኢንቨርተር 14፣ ገመድ፣ ብሬከር፣ ማከፋፈያ ሳጥን፣ ምድር ገመድና የመብረቅ መከላከያ በአንድነት 11፣ መቆሚያው ከሲሚንቶውና ከአጥሩ ጋር 10፣ የባለሙያ ጉልበት፣ ሙከራና ሥልጠና 6፣ ማጓጓዣ 4 ብር ወስደዋል። ኮሚቴው ቀሪውን ገንዘብ ለማሟላት ሁለተኛ መዋጮ መጥራት ግድ ሆኖበታል።

የሠራውና ያልሠራው

የኦክስጅን ማመንጫውና የማዋለጃ ክፍሉ መብራት ክረምቱን አልተቋረጡም። ደመናው ተከታታይ ቀናት ሲቆይ ማምከኛው በጀነሬተር በሚሠራበት ሰዓት ጀነሬተሩ ባትሪውንም እንዲሞላ መደረጉ ናፍጣውን በእጥፍ እንዲጠቅም አድርጎታል። ይህ ቀላል ውሳኔ ሦስተኛ ባትሪ ከመግዛት አድኗል።

የኢንቨርተሩን ባዶ ፍጆታ ለመቀነስ የታሰበው የቁጠባ አሠራር ግን አልተሳካም፤ መሣሪያው ትንሽ ጭነት ሲያይ ስለሚተኛ የኤልኢዲ አምፖሎቹ ይርገበገቡ ነበር፤ ስለዚህ ተዘጋ። ፓኔል እንዳይሰረቅ ዳዶዎቹ ከብሎኑ ጋር መበየዳቸውም በኋላ ችግር ፈጠረ፤ የአንድ ፓኔል ማያያዣ ሲበላሽ ፓኔሉን ለማንሳት ብየዳው በመቁረጫ መፈጨት ነበረበት፣ ፍንጣሪው ከመስታወቱ እንዳይደርስም ብዙ ጥንቃቄ ጠየቀ። በመፍቻ አጥብቀው ሲጨርሱ ጭንቅላቱ ራሱ የሚቆረጥ ዓይነት ዳዶ ቢገዛ በተሻለ ነበር። የሻይ ምድጃው በጓዳ በር ተመልሶ መጣ፤ አንድ ሰው በምርመራ ክፍል ሶኬት ላይ ሲሰካው መስመሩ ይጠፋ ጀመር፤ ሶኬቶቹ የየራሳቸው ትንንሽ ብሬከር ከተሰጣቸው በኋላ የሚጠፋው የሰካው ሰው ክፍል ብቻ ሆነ፣ ነገሩም በራሱ ጊዜ ቀነሰ።

ከሁሉ ያልተፈታው የመተኪያ ገንዘብ ጉዳይ ነው። ባትሪውም ኢንቨርተሩም ከፓኔሉ ቀድመው ያረጃሉ፤ ፓኔል 25 ዓመት ሲታሰብለት እነርሱ በዚያ ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይተካሉ። ጤና ጣቢያው ከውስጥ ገቢው በየወሩ እንዲያስቀምጥ ታስቦ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ላይ በሚዘጋበት አሠራር ግን ለብዙ ዓመታት የማይነካ ገንዘብ ማቆየት ለኃላፊዎቹ አስቸጋሪ ሆነባቸው፤ ለጊዜው ቁጠባው በኮሚቴው የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። የሠለጠኑት ሁለት ሠራተኞችም በዝውውር ስለሄዱ ሥልጠናው እንደገና መሰጠት ነበረበት።

ለተመሳሳይ ሥራ የሚወሰድ

ከመዋጮ ማሰባሰብ በፊት ጭነቱ ይቆጠር፤ ፓኔሉም መጨረሻ ላይ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይገዛ። የፓኔሉ ዓይነት የኮንትሮለሩን ቮልት፣ ቮልቱ የገመዱን ውፍረት፣ ርቀቱ ደግሞ የሁሉንም ዋጋ ስለሚወስን፣ አንዱን ለብቻው ርካሽ አድርጎ መግዛት ወጪውን ወደ ሌላው ከማሸጋገር አያልፍም። በቦታው ላይ ሳይሄድ የተሠራ ፕሮፎርማ የ45 ሜትሩን ርቀት፣ የባሕር ዛፉን ጥላና ዐለቱን ሊያውቅ አይችልም፤ ለአንድ ባለሙያ ጉዞ የሚከፈለው አበል ከዚህ አንጻር ትንሽ ነው።

ፕሮፎርማ ሲጠየቅ ገዢው ራሱ ባዘጋጀው ቅጽ ቢሆን ይመረጣል። ቅጹ ለባትሪው ጥቅም ላይ የሚውለውን ኪሎ ዋት ሰዓት እንጂ አምፔር ሰዓቱን ብቻ አይጠይቅ፤ ለኢንቨርተሩ ባዶ ፍጆታውን፣ በቦታው ከፍታ የሚኖረውን አቅምና የሚቀበለውን ከፍተኛ ቮልት፤ ለገመዱ ርዝመቱን፣ ውፍረቱንና መዳብ መሆኑን፤ ለብሬከሩ የዲሲ ቮልቱን ይጠይቅ። መቆሚያ፣ ሲሚንቶ፣ አጥር፣ ምድር ገመድ ከነልኬቱ፣ ማጓጓዣ እስከ በሩ ድረስ፣ ሥልጠናና መለዋወጫ ፊውዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ረድፍ ይኑራቸው። ተጫራቹ አንዱን ረድፍ «አይመለከተኝም» ብሎ ከተወው፣ ያ ረድፍ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በቃለ ጉባኤ ይያዝ።